መኪናዋ ጠዋት አልነሳ አለች፤ ጥፋቱ የነዳጁ ነው ወይስ የቴፑ?

የዚህ እትም ርዕሳችን ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከጋራዥ የተነሳ ነው። ሐርጌሳ ውስጥ በሜይ 31ም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጋራዥ እየዋሉ ሙያ የሚለማመዱ ወጣቶች አሉ። በካምፕ ያላችሁ ተማሪዎችም ነገ ከነገ ወዲያ እጃችሁን የምታስገቡበት ሥራ ይኼው ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛ ያገለገለች የጃፓን መኪና ይገዛል። የነበረውን ቴፕ ያስነቅልና አዲስ ቴፕ ከአምፕሊፋየር ጋር ያስገጥማል። በዚያው ሰሞን “አልኮል የገባበት ቤንዚን ጉልበት ይሰጣል” ሲባል ሰምቶ ነዳጁንም ይቀይራል። ከሦስት ቀን በኋላ መኪናዋ ጠዋት አልነሳ ትላለች። አንዱ መካኒክ “ነዳጁ ነው” ይላል፤ ሌላው “የለም፣ ቴፑ ነው” ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ሳይለኩ ነው። አንዱ ታንኩን ያስገለብጣል፣ ሌላው አዲስ ባትሪ ያስገዛል። ገንዘቡ ይወጣል፣ መኪናዋ ግን ያው ናት።

ለስደተኛ ባለሙያ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። የራሱ ሱቅ የሌለው፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ አጠገቡ የሌለው ሰው ሀብቱ ደንበኛው የሚጥልበት እምነት ነው። ያለጥፋቱ ዕቃ ያስገዛ መካኒክ ያንን ሀብት ያጣል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ኤታኖል ምን እንደሆነና በሞተር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ቀጥሎ የቴፕ ሽቦ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ በመጨረሻም የሁለቱን ጥፋት እንዴት መለየት እንደሚቻል እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ለመሆኑ ኤታኖል ምንድን ነው?

ኤታኖል ስኳር ወይም ስታርች ያለበት ነገር በእርሾ ሲብላላ የሚገኝ አልኮል ነው። የእንጀራ ሊጥ ወይም የሶማሌው ለሆህ ሊጥ ሲቦካ የሚታየው አረፋ የዚሁ ሥራ ምልክት ነው። እርሾው ስኳሩን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝና ጥቂት አልኮል ያወጣል። ፋብሪካ ውስጥ ይኸው ሥራ በትልቁ ይሠራል፤ ከዚያም ፈሳሹ ይጣራል፣ ውሃውም እንዲወጣ ይደረጋል።

ሩቅ አገር ሳንሄድ ምሳሌ አለን። በወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ስኳሩ ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው ሞላሰስ ኤታኖል ያመርታል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2008 ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011 ደግሞ ወደ 10 በመቶ ከፍ ተደረገ። ዓላማው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ቤንዚን መቀነስ ነበር። ቅልቅሉ ፋብሪካዎቹ በሚያመርቱት መጠን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ከኢትዮጵያ የተቀዳ ቤንዚን ሁሉ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት ብሎ መደምደም ግን አይቻልም።

ለስደተኛ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላም ታሪክ አለ። ከጅጅጋ ብዙ በማይርቀው የቀብሪበያህ ካምፕ፣ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጋያ አሶሴሽን የተባለው የኢትዮጵያ ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ሆኖ በኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ለሶማሊያ ስደተኞች አከፋፍሏል። የምድጃው ስም ክሊንኩክ ይባላል። ነዳጁ የሚቀመጥበት ጣሳ ውስጡ ፈሳሹን የሚመጥ ነገር ስላለበት ምድጃው ቢገለበጥ እንኳ አልኮሉ አይፈስም። ጥቅሙ ከጭስ መዳን ብቻ አልነበረም። እንጨት ፍለጋ ርቀው የሚሄዱ ሴቶችና ልጃገረዶች በመንገድ ላይ ይደርስባቸው የነበረውን ጥቃትና ከአካባቢው ነዋሪ ጋር የሚነሳውን ጠብ ለመቀነስ ረድቷል። ለነዳጅ የሚውል አልኮል ሰው እንዳይጠጣው የሚያስጠላ ወይም የሚመርዝ ነገር ይጨመርበታል። ስለዚህ ነዳጅ እንጂ መጠጥ አይደለም።

በመኪና ረገድ ብዙ የተራመደችው ብራዚል ናት። እዚያ በ1979 በአልኮል ብቻ የሚሄድ ፊያት 147 ለገበያ ቀረበ። በ2003 ደግሞ ቤንዚንም ኤታኖልም፣ የሁለቱንም ቅልቅል የሚቀበል ቮልስዋገን ጎል ወጣ። ልብ በሉ፤ እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ለአልኮል ተብለው የተሠሩ ናቸው። ከጃፓን የመጣች አሮጌ ቪትዝ ውስጥ አልኮል ማፍሰስ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

2. ኤታኖል ሞተር ውስጥ ሲገባ

ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር በልክ ቀላቅሎ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ኤታኖል ግን 9 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል፤ ምክንያቱም በራሱ ውስጥ ኦክስጅን ይዟል። በአንድ ሊትር ያለው ኃይልም ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው፤ በኤታኖል ብቻ ለመሄድ ሞተሩ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን ነዳጅ ማግኘት አለበት። ካላገኘ አየር ይበዛበታል፣ ጉልበት ያጣል፣ ከልክ በላይም ይግላል።

“ታዲያ ጉልበት ይሰጣል የሚባለው ከየት መጣ?” ትሉ ይሆናል። ኤታኖል ጥሩ ጠባይ አለው፤ ኦክቴኑ ከፍተኛ ነው። ይኸውም ሞተሩ በኃይል ሲጨምቀው ያለጊዜው አይፈነዳም። ነገር ግን ይኼ የሚጠቅመው ጭምቀቱ ከፍ ተደርጎ ለተሠራ ሞተር ነው። ለተራዋ መኪና አልኮል መጨመር ብቻውን ጉልበት አይሆንም።

10 በመቶ ቅልቅልን በተመለከተ ብዙዎቹ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ችግር የለባቸውም። በጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር መረጃውን ለኮምፒዩተሩ ይሰጣል፣ ኮምፒዩተሩም ነዳጁን ያስተካክላል። በፊት 100 ኪሎ ሜትር በሚያስኬደው ነዳጅ 97 ገደማ ቢሄድ ነው። አሮጌ ባለ ካርቡሬተር መኪና ግን ራሱን አያስተካክልም። የጎማ ቱቦዎቹም ለአልኮል ስላልተሠሩ ያብጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ነዳጅም ያፈሳሉ። ሌላው ነገር፣ አልኮል በታንኩ ውስጥ የቆየውን ቆሻሻ ያላቅቃል። ቅልቅል በተቀዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊልትሮ ቢደፈን የሚያስደንቅ አይደለም።

ትልቁ ጠላት ግን ውሃ ነው። ቤንዚን ከውሃ ጋር አይዋደድም፤ ኤታኖል ግን ውሃ ይወዳል፤ ከአየር እንኳ ይስባል። 10 በመቶ ቅልቅል ውስጥ ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ ከገባ አልኮሉና ውሃው አንድ ላይ ሆነው ከቤንዚኑ ይለዩና ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ለ40 ሊትር ታንክ ይኼ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ማለት ነው። የነዳጅ ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ቤንዚን መስሎት አልኮልና ውሃ ይጠጣል።

በዚህ ምክንያት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው ኤታኖል ከ99 በመቶ በላይ ንጹሕ መሆን አለበት። ለምድጃ 95 በመቶው ይበቃል፤ ቤንዚን ላይ ግን አይጨመርም። ለቁስል የሚውለው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። አረቄ ከሆነ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ይኼንን ታንክ ውስጥ ማፍሰስ በጆግ ውሃ ከማፍሰስ አይለይም።

3. አሁን ወደ ቴፑ እንምጣ

የሐርጌሳ መኪኖች አብዛኞቹ ከጃፓን ያገለገሉ ናቸው፤ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ መንገዱ ግን በቀኝ የሚነዳበት ነው። ሬዲዮናቸውም እንደ መሪያቸው የጃፓን ነው። የጃፓን ኤፍ.ኤም. ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር፤ በእኛ አካባቢ ግን ጣቢያዎች ከ88 እስከ 108 ድረስ ይገኛሉ። ስለዚህ “ሬዲዮው ጣቢያ አይዝም” ሲባል ሽቦ ከመቁረጥ በፊት ቁጥሩን ተመልከቱ። 90 ላይ የሚቆም ከሆነ የተበላሸ ነገር የለም። ባንዱን የሚያዛውር ትንሽ ዕቃ አንቴናው ላይ ይገጠማል፣ ካልሆነም ቴፑ ይቀየራል።

አዲስ ቴፕ ሦስት ዋና ሽቦዎች አሉት፦

ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው። ሰዓቱንና የተመዘገቡትን ጣቢያዎች የሚያስታውሰው በእሱ ነው።
ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ነው።
ጥቁሩ ግራውንድ ነው፤ ከመኪናው ቦዲ ጋር ይታሰራል።

ከእነዚህ ሌላ ባለ ነጭ መስመር ሰማያዊ ሽቦ አለ፤ አምፕሊፋየሩን “ተነሳ” የሚለው እሱ ነው። የስፒከሮቹ ሽቦዎች ደግሞ ነጭ (የፊት ግራ)፣ ግራጫ (የፊት ቀኝ)፣ አረንጓዴ (የኋላ ግራ) እና ሐምራዊ (የኋላ ቀኝ) ናቸው። እያንዳንዱ ጥቁር መስመር ያለው ጓደኛ አለው፤ ያ ኔጌቲቩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይኼ የቀለም ሥርዓት የአዲሱ ቴፕ ነው እንጂ የመኪናው አይደለም። የመኪናው ፋብሪካ የራሱ ቀለም አለው። ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር ማገናኘት እንግዲህ መገመት ነው። ቴስተር አውጡና ለኩ፦

ሀ. ቁልፉ ተነቅሎ 12 ቮልት ገደማ የሚያሳየው ሽቦ ለቢጫው ነው።
ለ. ቁልፉ ሲነቀል ዜሮ፣ ሲዞር 12 የሚያሳየው ለቀዩ ነው።
ሐ. ከቦዲው ጋር በኦም ሲለካ ዜሮ አካባቢ የሚያሳየው ለጥቁሩ ነው። ይኼንን ስትለኩ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ።

ምልክቱን አይቶ ጥፋቱን መገመትም ይቻላል፤ ግምቱን ግን በቴስተር አረጋግጡ፦

ቴፑ ምንም አይበራም፤ ፊውዙን፣ ከዚያ ግራውንዱን እዩ።
ይሠራል፣ ግን ቁልፍ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን ይረሳል፤ ቢጫውና ቀዩ ተቀያይረዋል።
ሞተሩ ሲጮህ ስፒከሩም አብሮ ያፏጫል፤ ግራውንዱ ልል ነው ወይም የድምፅ ገመዱ ከባትሪ ሽቦ ጋር ተጣብቆ ሄዷል።
ድምፅ ሲጨመር ይጠፋል፤ የስፒከሩ ሽቦ አንድ ቦታ ቦዲ ይነካል። የስፒከር ኔጌቲቭ ከቦዲ ጋር ፈጽሞ አይታሰርም።
ባትሪ በየሌሊቱ ይደክማል፤ ቀዩ ወይም ሰማያዊው ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት ጋር ታስሯል፤ ቴፑ ወይም አምፕሊፋየሩ አይተኛም ማለት ነው።

4. የነዳጁን ጥፋት ከቴፑ መለየት

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መኪናዋ ጠዋት አልነሳ ብላለች። ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት ቁልፉን አዙሩና አዳምጡ።

ሞተሪኖው “ቀጭ ቀጭ” ብቻ ካለ ወይም እየደከመ ከዞረ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ባትሪውን ለኩ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከሆነ አልቋል። መኪናዋ በሌላ ባትሪ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ገደማ ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ታዲያ ባትሪው ሌሊት የት ሄደ?

ይኼን ለማወቅ ሞተሩን አጥፉና ቁልፉን ንቀሉ። ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትታችሁ፣ ቴስተሩን በባትሪውና በተፈታው ገመድ መካከል አስገቡ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከ0.05 አምፒር በታች ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ሲነቀል ቁጥሩ የሚወርደው ጥፋቱ ያለበት መስመር ነው። የአምፕሊፋየሩ ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚመጣ የእሱንም ፊውዝ አትርሱ። ቴስተሩ እዚያ እያለ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል።

ሞተሪኖው በኃይል እየዞረ ሞተሩ ግን ካልያዘ ባትሪው ደህና ነው፤ ነዳጁን ወይም ካንዴላውን ጠርጥሩ። ከታንኩ ታች ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ዕቃ ቅዱና አስቀምጡት። ሁለት ንብርብር ከሠራ ውሃ ገብቷል፤ ታንኩ መገልበጥ አለበት። አልኮል በብዛት የፈሰሰበት ከሆነ ብርዱም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ኤታኖል ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች በእሳት የሚያያዝ በቂ ትነት አይሰጥም፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች እንኳ ይሰጣል። ሐርጌሳ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ1,300 ሜትር በላይ ናት፤ የታኅሣሥና የጥር ንጋቷን የምታውቁት ነው። የብራዚል የቀድሞ የአልኮል መኪኖች ለማስነሻ ብቻ የሚሆን ትንሽ የቤንዚን ዕቃ የነበራቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

10 በመቶ ቅልቅል ብቻውን ግን በእኛ ብርድ መኪና አያስቆምም። ስለዚህ ነዳጁ ተራ ቅልቅል ከሆነ፣ ንብርብር ከሌለው፣ ቴፑም በዚያው ሳምንት የተገጠመ ከሆነ፣ ቴፑን ቀድሞ መመርመር ያዋጣል።

ለወደፊቱም ደንበኛችሁን “ጌታዬ፣ ሁለቱን ባንዴ አንቀይር። ዛሬ ቴፑን እንግጠም፣ ሳምንት ይሞክሩት፤ ነዳጁን ከዚያ ያስቡበታል” በሉት። አንድ ነገር ብቻ ከተቀየረ ጥፋቱ የት እንዳለ ይታወቃል። የሳይንስ መምህራን ክፍል ውስጥ “አንዱን ለውጥ፣ ሌላውን አጽና” የሚሉት ይኼንኑ ነው።

5. ማሳሰቢያ

ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ወይም በሲጋራ ብር ወረቀት አትተኩት። ፊውዙ የተቃጠለው መኪናዋ እንዳትቃጠል ነው። የአምፕሊፋየሩ ገመድ ከባትሪው ብዙ ሳይርቅ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። በብዙ መኪኖች የነዳጅ ፓምፑ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የአምፕሊፋየሩም ሽቦ የሚያልፈው በዚያው ነው። የተላጠ ሽቦና የሚያፈስ ቱቦ አንድ ቦታ ከተገናኙ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። መገጣጠሚያዎችን ሁሉ በናስትሮ በደንብ ጠቅልሉ።

የኤታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም፤ “ጠፍቷል” ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ። ምድጃ ላይ ከሆነ ደግሞ ሳይበርድ ነዳጅ አይሞላም።

ሌላም አለ። ሶማሌላንድ ውስጥ አልኮል የተከለከለ ነው። ለነዳጅ ነው ብሎ አልኮል በጄሪካን ይዞ በቶግ ወጃሌ መሻገር ስደተኛን ከባድ ችግር ውስጥ ይከታል። ቤት ውስጥ አልኮል ማውጣትም በሕግም በእሳትም አደጋ ነው። ስለ ኤታኖል መማር አንድ ነገር ነው፣ መያዝ ሌላ ነገር ነው።

6. ለክፍል የሚሆኑ መልመጃዎች

ለሒሳብ፦ አንድ አምፕሊፋየር ሳይጠፋ ቀርቶ 0.5 አምፒር ይወስዳል እንበል። መኪናዋ ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ቆማ፣ ዓርብ በዓል ስለሆነ ሳትነቃነቅ ውላ፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ብትፈለግ 36 ሰዓት ነው። 0.5 በ36 ሲባዛ 18 አምፒር ሰዓት ይሆናል። ባትሪዋ 35 አምፒር ሰዓት ከሆነ ከግማሽ በላይ አለቀ። ተማሪዎች በ0.05 አምፒር ደግመው ያስሉትና ልዩነቱን ያወዳድሩ።

ለኬሚስትሪ፦ ሁለት ሊጥ ይቦካ፤ አንዱ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የትኛው ቶሎ አረፋ ሠራ? ለምን?

ለፊዚክስ፦ አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፖልና ቀለማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሦስት ሽቦዎች ይዘጋጁ። መምህሩ አንዱን ሽቦ ከውስጥ ይቁረጠው። ተማሪዎች ሽቦውን ሳይልጡ የተቆረጠውን ያግኙ።

ውድ መምህራን፣ የመጨረሻውን መልመጃ በተለይ አትዝለሉት። ቴስተር ባይኖራችሁ እንኳ አምፖሏ ትበቃለች። የተቆረጠውን ሽቦ በግምት ሳይሆን አንድ በአንድ ፈትኖ ያገኘ ተማሪ፣ ነገ ጋራዥ ሲገባ ያለጥፋቱ ባትሪ አያስገዛም።